የመኪና ጣሪያ ድንኳን

የመኪና ጣሪያ ድንኳን በመኪና አናት ላይ፣ በፖርቶመጋላ ወይም በአግዳሚ ብረቶች ላይ ታስሮ የሚጓዝና ማደሪያ ቦታ ሲደረስ የሚዘረጋ ድንኳን ነው። ወለሉ ጠንካራ ሰሌዳ ሲሆን ፍራሹ ውስጡ እንዳለ ይታጠፋል፤ ወደ ውስጥ የሚገባውም በመሰላል ነው። በብዛት የሚታየው ከከተማ ርቀው ለብዙ ቀናት በሚጓዙ ፎር ዊል ድራይቭ (በአራቱም ጎማ የሚነዱ) መኪኖች ላይ ነው፤ ለምሳሌ በላንድክሩዘር፣ በላንድሮቨር ዲፌንደርና በሃይሉክስ ፒካፕ ላይ። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ሩፍ ቶፕ ቴንት ይባላል።

ድንኳኑ ሲታይ ቀላል ዕቃ ይመስላል። ነገር ግን 60 ኪሎ ግራም ያህል ሸክም በመኪናው ከፍተኛ ቦታ ላይ ስለሚያስቀምጥ መኪናው በመታጠፊያ፣ በጠጠር መንገድና በጎን ተዳፋት ላይ የሚኖረውን ጠባይ ይለውጣል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መታወቅ ያለበት የመጀመሪያው ጉዳይ የሸራው ዓይነት ወይም የፍራሹ ውፍረት ሳይሆን የመኪናው ጣሪያ ስንት ኪሎ እንደሚችል ነው።

ታሪክ

የጣሪያ ድንኳን በገበያ የታወቀው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በተለይ በጣሊያን ነው። አውቶሆም የተባለው የጣሊያን ድርጅት ማጆሊና የሚለው ሞዴሉ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የሚቆጠር ሲሆን ስሙ እስከ ዛሬ በገበያ ላይ አለ። ያን ጊዜ ድንኳኑ የሚጫነው ትልልቅ መኪኖች ላይ ብቻ አልነበረም፤ ቤተሰብ ለዕረፍት በሚሄድበት ትንሽ የቤት መኪና ላይም ይጫን ነበር። በምሥራቅ ጀርመንም በ1970ዎቹ መጨረሻ ለትራባንት መኪና የሚሆን የጣሪያ ድንኳን ተሠርቷል። ትራባንት ራሱ ከ600 ኪሎ ግራም ብዙም የማይበልጥ ቀላል መኪና ስለነበር ሁለት ሰው አናቱ ላይ ተኝቶ ሲታይ የሚያስገርም ነገር ነው።

ድንኳኑ ከፎር ዊል ድራይቭ ጋር በስም የተቆራኘው ግን በደቡባዊ አፍሪካ ነው። በናሚቢያ፣ በቦትስዋናና በደቡብ አፍሪካ ርቀቱ ረጅም፣ ሆቴሉ ጥቂት፣ መሬቱም ድንጋያማና እሾሃማ በመሆኑ አናት ላይ ማደር የተለመደ ሆነ። ዛሬ በዊንድሁክ ከተማ አንድ ወይም ሁለት የጣሪያ ድንኳን የተጫነበት ፒካፕ መከራየት የጎብኚዎች ዋና የጉዞ መንገድ ነው። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን አፍሪካን በመኪና የሚያቋርጡ መንገደኞችም በሞያሌ ሲያልፉ ይህን ዓይነት ድንኳን ተጭኖ ማየት የተለመደ ነው።

ዓይነቶች

ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉ። የመጀመሪያው ለስላሳ ሽፋን ያለው ተዘርጊ ድንኳን ነው። ወለሉ እንደ መጽሐፍ ለሁለት ይታጠፋል፤ ሲከፈት ግማሹ በጣሪያው ላይ ይቀመጣል፣ ግማሹ ደግሞ ከመኪናው ውጭ ይንጠለጠላል። የተንጠለጠለውን ግማሽ ወለል ደግፎ የሚይዘው መሰላሉ ነው። ይህ ዓይነት በዋጋ ረከስ ይላል፤ ሲዘረጋ ሰፊ ስለሚሆን ልጆች ላሉት ቤተሰብ ይመረጣል።

ሁለተኛው ከፋይበርግላስ፣ ከፕላስቲክ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ ጠንካራ ክዳን ያለው ነው። አንዳንዱ ክዳኑ በአራቱም ማዕዘን እኩል ወደ ላይ ይነሣል፤ አንዳንዱ ደግሞ በአንድ ጫፍ ተቆልፎ በሌላው ብቻ ስለሚከፈት በጎን ሲታይ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። የሚነሣውም በጋዝ ግፊት በሚሠሩ ዘንጎች ወይም በእጅ በሚዞር ማንሻ ነው። ለመክፈት አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፤ በጉዞ ላይም ነፋስን በተሻለ ይሰነጥቃል። በአንጻሩ ወለሉ ከመኪናው ጣሪያ ስፋት ብዙም ስለማይዘል ከሁለት ሰው በላይ አያስተኛም፤ ብዙ ጊዜም ውድ ነው።

ሸራው ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ወፍራም ጨርቅ ወይም ሙሉ በሙሉ ፖሊስተር ሊሆን ይችላል። ጥጥ ያለበት ሸራ ትንፋሽ ያሳልፋል፤ በሙቀትም በብርድም ይሻላል፤ ነገር ግን ሲረጥብ ይከብዳል፤ ለመድረቅም ጊዜ ይወስዳል።

ጣሪያው የሚችለው ሸክም

የጣሪያ ሸክም ሁለት ልክ አለው። አንዱ በጉዞ ላይ የሚፈቀደው ነው፤ መኪናው ሲነዳ፣ ፍሬን ሲይዝ፣ ሲታጠፍና ጉድጓድ ሲገባ ጣሪያው የሚሸከመው ማለት ነው። ሌላው መኪናው ቆሞ ሳለ የሚፈቀደው ሲሆን ከመጀመሪያው በጣም ይበልጣል፤ ምክንያቱም በቆመ መኪና ላይ ክብደቱ በቀጥታ በምሰሶዎቹ በኩል ወደ ታች ይወርዳል እንጂ የሚወዘውዝ ኃይል አይጨመርበትም። ለምሳሌ አዲሱ ላንድሮቨር ዲፌንደር በጉዞ ላይ እስከ 168 ኪሎ ግራም፣ በቆመበት ደግሞ እስከ 300 ኪሎ ግራም በጣሪያው እንዲሸከም ተፈቅዶለታል። በሌላው ጫፍ ያለው እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚመረተው ሱዙኪ ጂምኒ በጉዞ ላይ የሚፈቀድለት 30 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ጂምኒ ጎበዝ ፎር ዊል ድራይቭ መሆኑ አያከራክርም፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የጣሪያ ድንኳኖች ለእርሱ ይከብዱታል።

ብዙ የመኪና መጻሕፍት የሚያትሙት የጉዞውን ልክ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይፈጸማሉ። አንዳንዱ ገዢ 75 ኪሎ የሚል ቁጥር አይቶ «ሁለት ሰው 150 ኪሎ ስለሚመዝን አይቻልም» ብሎ ይተወዋል፤ ሰዎቹ ግን መኪናው ሲነዳ አናቱ ላይ ስለማይሆኑ በዚህ ልክ አይቆጠሩም። ሌላው ደግሞ «ሁለት ሰው ከቻለ ሌላውንም ይችላል» በማለት ከድንኳኑ አጠገብ ጀሪካን ነዳጅ፣ ትርፍ ጎማና የዕቃ ሣጥን ይደርብበታል። አደገኛው ይህ ሁለተኛው ነው።

ሂሳቡ በምሳሌ ሲታይ እንዲህ ነው። መኪናው በጉዞ ላይ 100 ኪሎ ይፈቅዳል እንበል። ፖርቶመጋላው 25 ኪሎ፣ ድንኳኑ 60 ኪሎ ቢመዝን ድምሩ 85 ኪሎ ይሆናል፤ የሚተርፈው 15 ኪሎ ነው። የፖርቶመጋላው ክብደት መቆጠሩ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በተጨማሪም አንዳንድ የፖርቶመጋላ አምራቾች ከአስፋልት ውጭ ለሚደረግ ጉዞ ልኩ ለ1.5 እንዲካፈል ያዝዛሉ። በዚህ መሠረት 100 ኪሎ የሚፈቅድ ፖርቶመጋላ በጠጠርና በድንጋይ መንገድ 67 ኪሎ ያህል ብቻ ይፈቀድለታል። የመኪናው ጣሪያና የፖርቶመጋላው ልክ ሲለያዩ የሚሠራው ትንሹ ቁጥር ነው።

ክብደቱ ከፍ ብሎ መቀመጡም ለብቻው ችግር አለው። 2,200 ኪሎ ግራም የሚመዝንና የስበት ማዕከሉ ከመሬት 75 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ መኪና ብንወስድ፣ 85 ኪሎ በ2 ሜትር ከፍታ ሲጨመርበት ማዕከሉ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። አምስት ሳንቲ ሜትር ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን መኪናው በመታጠፊያ ላይ ሳይገለበጥ ሊቋቋመው የሚችለው የጎን ኃይል በዚያው ልክ፣ በዚህ ምሳሌ በመቶ 6 ያህል፣ ይቀንሳል። ነጂው ይህን የሚያውቀው ቀስ ብሎ ሳይሆን በድንገት ነው፤ ከብት መንገድ ላይ ሲገባና መሪውን ወደ አንድ ጎን አዙሮ ወዲያው ሲመልስ። በናሚቢያ ብዙ አከራዮች በጠጠር መንገድ ላይ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ እንዳይነዳ በውላቸው የሚወስኑት ያለ ምክንያት አይደለም።

አገጣጠም

ድንኳኑ በባዶ ጣሪያ ላይ አይቀመጥም። ቢያንስ ሁለት አግዳሚ ብረቶች ወይም ሙሉ ፖርቶመጋላ ያስፈልገዋል። እንደ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ያሉ አሮጌ ቅርጽ ያላቸው መኪኖች በጣሪያቸው ዳር እንደ ቤት አሸንዳ ያለ ጠርዝ ስላላቸው የብረቶቹ እግር በቀላሉ ይጨብጠዋል፤ ሸክሙንም በብዙ እግሮች ማከፋፈል ይቻላል። አዳዲሶቹ መኪኖች በፋብሪካ የተዘጋጁ የብሎን ቀዳዳዎች ወይም ረጃጅም ሐዲዶች አሏቸው። በበሩ ጎማ ላይ ብቻ ተቆንጥጠው የሚቆሙ ብረቶች ለሸካራ መንገድ አይመከሩም።

ከድንኳኑ ወለል በታች ርዝመቱን የሚከተሉ ሁለት የአሉሚኒየም ሐዲዶች ይኖራሉ። ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር የሆኑ ብሎኖች ራሳቸው በሐዲዱ ውስጥ ይንሸራተቱና አግዳሚውን ከላይና ከታች በሚያቅፉ ሳህኖች ይታሰራሉ፤ የዳዶው ቁልፍ 13 ነው። ሮንዴላ መግባት አለበት። ዳዶውም በውስጡ ናይለን ያለው ዓይነት ቢሆን ንዝረት ቶሎ አያላላውም። ከልክ በላይ ማጥበቅ የአሉሚኒየሙን ሐዲድ ስለሚከፍተው በአምራቹ መመሪያ ልክ መጥበቁ ይመረጣል።

ድንኳኑን ለማንሣት አራት ሰው ቢኖር ጥሩ ነው፤ ሁለት ሰው ይቸገራል። መሃሉ ከመኪናው መሃል ጋር መግጠሙ፣ የኋላ በርና ኮፋኖ ሲከፈቱ አለመንካታቸው ከመታሰሩ በፊት ይታያል። ከታሰረ በኋላ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ብሎኖቹ ሁሉ እንደገና ይፈተሻሉ። እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ በተሸበሸበ የጠጠር መንገድ ላይ ከሆነ ፍተሻው በየማታው ቢደረግ አይበዛም።

ድንኳኑ ወደ የት ይከፈት የሚለውም ይታሰብበታል። ወደ ጎን የሚከፈት ከሆነ ከመንገዱ ተቃራኒ ወዳለው ጎን መሆን ይገባዋል፤ በኢትዮጵያ ይህ የቀኝ ጎን ነው። ሞያሌን ተሻግሮ ኬንያ ሲገባ ግን መንዳት በግራ ስለሆነ የመንገዱ ዳር በግራ ይሆናል። በሁለቱም አገር የሚጓዝ ሰው ወደ ኋላ እንዲከፈት ቢያደርገው ይሻለዋል።

በፒካፕ ላይ ድንኳኑን ከጣሪያው ይልቅ በጭነቱ ላይ በተሠራ የብረት ማዕቀፍ ማሰር የተሻለ ነው፤ ክብደቱ ዝቅ ይላልና። ነገር ግን አንዱን ጫፍ በጋቢናው፣ ሌላውን በጭነቱ ላይ ማሰር ስሕተት ነው። ጋቢናውና የጭነቱ ሣጥን በሻሲው ላይ ለየብቻ የታሰሩ ስለሆኑ መኪናው በጉድጓድ ሲጠማዘዝ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይንቀሳቀሳሉ፤ በሁለቱ መካከል የታሰረው ድንኳንም ወለሉ ይሰነጠቃል ወይም እግሮቹ ይነቀላሉ።

ከተገጠመ በኋላ የመኪናው ጠቅላላ ቁመት በሜትር ተለክቶ ነጂው ፊት ለፊት ቢለጠፍ ይጠቅማል። 1.9 ሜትር የነበረው መኪና 2.3 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ በከተማ ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ በር ላይ ይህን ማስታወስ የሚከብደው ብዙ ነው።

አጠቃቀም

መኪናው የሚቆመው በተስተካከለ መሬት ላይ ነው። መሬቱ ካልተመቸ ዝቅ ባለው ጎማ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጣውላ ይደረጋል፤ ትንሽ ዘንበል ማለቱ ካልቀረ ራስጌው ወደ ከፍታው ይሁን። የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ መኪናው ማርሽ ውስጥ ይገባል። ከዛፍ ሥር መቆም ቀን ቀን ጥላ ቢሰጥም ደረቅ ቅርንጫፍ ሊወድቅ ስለሚችል ሌሊት አይመረጥም።

ነፋስ ካለ ጠባቡ ወይም የታጠፈበት ጎን ወደ ነፋሱ እንዲዞር መኪናውን ማዞር ይበቃል፤ ይህ የመሬት ድንኳን የማያገኘው ጥቅም ነው። በተዘርጊው ዓይነት የመሰላሉ ሁለቱም እግሮች ጠንካራ ነገር መርገጥ አለባቸው። እግሩ በአሸዋ ወይም በጭቃ ከሰመጠ ወለሉ ዘንበል ይላል፤ ማጠፊያውም ይጎዳል። መሰላሉ በጣም ቀጥ ካለ ሰው ወደ ኋላ ይወድቃል፤ በጣም ከተኛ ደግሞ ይጎብጣል። ሲወጣም ሲወረድም ፊት ወደ መሰላሉ ይሆናል። በጣሪያ ድንኳን ተጠቃሚዎች ላይ ከአውሬ ይልቅ የሚያሰጋው ሌሊት ለሽንት ሲወርዱ መውደቅ ነው፤ ስለዚህ የእጅ ባትሪ ከራስጌ አይጠፋም፤ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያንም ከታች ቢተኙ ይሻላል።

አውሬን በተመለከተ ብዙ የተጋነነ ነገር ይነገራል። ከፍታው ከእባብ፣ ከጊንጥና ከጉንዳን ይገላግላል፤ ጅብም መሰላል አይወጣም። ነብር ግን ዛፍ የሚወጣ እንስሳ ስለሆነ ሁለት ሜትር አያግደውም። አዳሪውን የሚጠብቀው ከፍታው ብቻ ሳይሆን ድንኳኑ ተዘግቶ ማደሩና ምግብ በውስጡ አለመኖሩም ነው። ሥጋና ፍራፍሬ መኪናው ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ዝንጀሮና ጦጣ ባሉበት ቀን ቀንም ቢሆን ዚፑ ክፍት አይተውም። ጫማ መሰላሉ ሥር ከቀረ ጅብ ሊወስደው ይችላል። ካልተወሰደም ጠዋት ከመልበስ በፊት ማራገፍ ግድ ነው።

ብርድ፣ እርጥበትና እሳት

ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ወለሉ ከመሬት የተለየ በመሆኑ ነፋስ ከሥር ስለሚያልፍ ቅዝቃዜው ከታችም ይመጣል። የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ደግሞ በቀዝቃዛው ክዳንና ከፍራሹ በታች ባለው ሰሌዳ ላይ ወደ ውኃ ይለወጣል፤ ጠዋት ፍራሹ ከሥሩ ረጥቦ ሲገኝ ብዙዎች ዝናብ ያስገባ ይመስላቸዋል። መፍትሔው በብርድም ቢሆን ሁለት መስኮት በትንሹ ክፍት መተውና ከፍራሹ ሥር አየር የሚያሳልፍ ምንጣፍ ማድረግ ነው።

በድንኳኑ ውስጥ ከሰል፣ የጋዝ ምድጃ ወይም ኩራዝ ማንደድ ፈጽሞ አይገባም። ፍም የሆነ ከሰል ጭስ ባይታይበትም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። መስኮት መክፈት ለትንፋሽ እርጥበት መፍትሔ ይሆናል እንጂ ለከሰል ጋዝ ዋስትና አይደለም። ለመሞቅ የሚሻለው ወፍራም የመኝታ ከረጢት፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስና በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ ነው።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ለዚህ ዓይነት ጉዞ የሚመችም የሚፈትንም ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሳንቃበር (3,200 ሜትር ገደማ) እና ጨነቅ (3,600 ሜትር ገደማ) የተባሉት ማደሪያዎች መኪና ይደርስባቸዋል። በባሌ ደግሞ የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ በደረቁ ወራት ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። በእነዚህ ቦታዎች ለናሚቢያ በረሃ ተብሎ የተገዛ ስስ መኝታ አይበቃም።

ወደ ሰሜን ተራሮች ሲገባ ደባርቅ ላይ መመዝገብና ጠመንጃ የያዘ የፓርክ ስካውት ይዞ መሄድ ግዴታ ነው። ሁለት ሰው የሚያስተኛ ድንኳን ያላቸው ጎብኚዎች ስካውቱ የት እንደሚያድርና ምን እንደሚለብስ አስቀድመው ቢያስቡ መልካም ነው፤ እነርሱ ከላይ ሞቋቸው ሲተኙ ከታች በጋቢ ብቻ የሚቀመጠው እርሱ ነውና።

በአዋሽና በኦሞ ሸለቆ ችግሩ የተለየ ነው። ጠባብ መንገዶች ላይ የግራር እሾህ የለስላሳውን ድንኳን ሽፋን ይቀድዳል፤ እዚህ ጠንካራ ክዳን ይመረጣል። ሙቀቱም ስለሚበዛ መስኮቶቹ ትንኝ የማያስገባ መረብ ሊኖራቸው ይገባል፤ ቆላው የወባ አካባቢ ነው። ከፓርክ ውጭ በመንደር አቅራቢያ ለማደር የአካባቢውን ሽማግሌ ወይም የቀበሌ ሰው ማስፈቀድ ተገቢ ነው። መሬቱ ባዶ መስሎ ቢታይም ባለቤት ወይም የግጦሽ ተራ አለው። መኪና አናት ላይ ቤት ሲከፈት የመንደሩ ልጆች በሙሉ መምጣታቸው አይቀርም፤ ፀጥታ የሚፈልግ መንገደኛ ዘግይቶ መዘርጋትና ጠዋት በማለዳ ማጠፍ ይመርጣል።

አያያዝ

አዲስ የጥጥ ሸራ ከጉዞ በፊት ተዘርግቶ በውኃ ይርሳል፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይደርቃል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደረግ ክሩ ያብጥና የመርፌ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ይህ ሳይደረግ በመጀመሪያው ዝናብ ከስፌቱ ቢያንጠባጥብ ድንኳኑ ብልሹ ነው ማለት አይደለም።

ርጥብ ድንኳን አጥፎ መጓዝ አንዳንዴ አይቀርም፤ ነገር ግን በሁለት ቀን ውስጥ ተዘርግቶ ካልደረቀ ሻጋታ ይይዘዋል፤ የሻጋታው ጥቁር ነጠብጣብም ከሸራ ላይ አይለቅም። ዚፕ በአቧራ ሲያዝ በኃይል አይጎተትም፤ በለስላሳ ብሩሽ ተጠርጎ ሰም ወይም ሻማ ይቀባል። ለወራት ጉዞ ከሌለ ድንኳኑን አውርዶ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ አይጥ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ነዳጅም ይቆጥባል፤ መኪናውም ወደ ቀድሞ ሚዛኑ ይመለሳል።